ጥይቱ ልክ ነበር

ጋሽ ታፈሰ ረቡዕ ጠዋት ዐርፈዋል። ለሥራ ሊወጡ መኪናቸውን አስነሥተው፣ እጃቸው መሪው ላይ እንዳለ ልባቸው ቆመ። ሞተሩ ሲሠራ መኪናው ግን አልንቀሳቀስ ማለቱ የገረማት ጎረቤት ናት ያገኘቻቸው። ለማታውቋቸው፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ከሚገኙት የብረታ ብረት ቤቶች በአንዱ የቶርኖ ሠራተኛ ነበሩ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ፓይን ሌክ ያለችው ቤታቸው ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ የምኖረው ተከራይ እኔ ነኝ። የቅርብ ዘመዳቸው ስማይርና የሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ግርማ ብቻ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ለቅሶው ላይ የተነገረው ስሕተት ስለሆነ ነው። አቶ ግርማ ሰው ሞልቶ በተቀመጠበት፣ «ነፍሱን ይማረውና ወንድሜ ልቡ ንጹሕ ነበር፤ ጥይት መምረጥ ግን አያውቅበትም ነበር» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ጋሽ ታፈሰ ቀኝ ዐይናቸውን ያጡት ግን በጥይት ምርጫ አይደለም። እዚያ ነበርኩ።

ደግ ሰው ነበሩ፤ ለስላሳ ግን አልነበሩም። እኔ ትምህርት የጀመርኩት ሌላው ልጁን በሚድርበት ዕድሜ ነው። «መኪና የላትም፣ ሂሳብ የላትም፤ አንዱን እንኳ እንሙላላት» ብለው ከሥራ መልስ ትምህርት ቤቴ ድረስ ይወስዱኝ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ጂኢዲ የሚሉትን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ስወድቅ «አይዞሽ» አላሉኝም። «ተማሪዋ፣ ጭንቅላትሽ ደኅና ነው፤ እሱን እየጎተትሽ የምታስሮጪው አንቺ ነሽ» አሉኝና ጋራዣቸው ውስጥ ወንበር ሰጡኝ። እሳቸው ጥይት ይሞላሉ፣ እኔ ክፍልፋይ እሠራለሁ።

ጥይት መሙላት፣ ሪሎድ ማድረግ የሚሉት፣ እንዲህ ነው። የተተኮሰውን ቀለሃ ያጸዱታል፣ ቅርጹን ይመልሱለታል፣ ከሥሩ ባሩዱን የሚለኩሰውን አዲስ ፕራይመር ይተክሉለታል፣ ባሩድ መዝነው ያፈሱበታል፣ መጨረሻ ላይ አረሩን ከላይ ይገጥሙለታል። ለዚህ ሥራ አንድ የማይታጠፍ ሕግ ነበራቸው። «ባሩድ እያፈሰስኩ ሰው ከጠራኝ ሁሉንም ገልብጬ እንደገና እጀምራለሁ። ‹የት እንደደረስኩ አውቃለሁ› የሚል ሰው ነው የሚሞተው።» እኔን ሁለት ጊዜ ከጋራዡ አስወጥተውኛል፤ አንዴ በማስነጠሴ፣ አንዴ ደግሞ ስምንት ለሦስት ስንት እንደሚደርስ በመጠየቄ።

በልካቸው የሚሠራ የመጀመሪያ ጠመንጃቸውን ለማዘዝ ሲነሡ ዓመት ሙሉ ያሰቡት ስለሚተኩሰው የጥይት ዓይነት ነው። አቶ ግርማ እየመጡ ያጣድፏቸው ነበር።

«ሦስት መቶ ማግነም አሠራ፣ አንተ! ጠመንጃ ከተባለ ይጩህ!»

«ጋሼ፣ ጩኸት ከሆነ ለጁላይ ፎር ርችት አለልን።»

«ይቺ ሲክስ ፖይንት ፋይቭ የምትላት የሴት ጥይት ናት።»

«እንግዲያው ለተማሪዋ እናወርሳታለን።»

ወንድማቸው ሲሄዱ ለእኔ አስረዱኝ። «ማግነሙ ሩቅ ይሄዳል፤ ግን ጥቂት እንደተኮስኩ ትከሻዬ ከእኔ ቀድሞ መፍራት ይጀምራል። የፈራ ትከሻ አይመታም። ስሪ-ኦ-ኤይት የሚሉት ጥይት ታማኝ ነው፤ ቀለሃው የትም ይገኛል፣ ባረሉም፣ የጠመንጃው ቱቦ፣ ዕድሜ አለው፤ ነፋስ ግን ይገፋዋል። ሲክስ ፖይንት ፋይቭ ቀጭን ናት፣ ነፋሱን ሰንጥቃ ትሄዳለች፣ አትራገጥም። ባረሉን ቶሎ ትበላዋለች። ትብላው! እኔ ለብረት ሠራተኛ አልቸገር።» ቀጥለውም፣ «ሰው ጥይት የሚመርጠው ሊያወራበት ነው። አንቺ የት ሜዳ እንደምትተኩሺ፣ ቀለሃ ከየት እንደምታገኚ፣ ትከሻሽ ምን እንደሚችል ጠይቂ። ጥይቷ ስሟን ራሷ ትነግርሻለች» አሉኝ።

ጠመንጃው ደረሰ። ለመጀመሪያው ተኩስ የሚሆነውን ጥይት ቅዳሜ ከሰዓት ይሞሉ ጀመር። ቀለሃዎቹ በቶርኖ ቤት ራሳቸው በበሱት እንጨት ላይ ቆመዋል፤ ግማሹ ባሩድ አግኝቷል፣ ግማሹ ባዶ ነው። በሩ ተከፈተና አቶ ግርማ ገቡ። ጋሽ ታፈሰ የባሩዱን ማንኪያ አስቀምጠው ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር። ምን ትሠራለህ አንተ፣ ሽሮ ትመዝናለህ?»

አቶ ግርማ አንድ ባዶ ቀለሃ አንሥተው እያገላበጡ ስለ አንድ ሠርግ ያወሩ ጀመር። ጋሽ ታፈሰ ቆመው ሰሟቸው፤ ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም። ወንድማቸው ወሬው ሲያልቅ ቀለሃውን መለሱት። ከሞሉት መካከል ይሁን ከባዶዎቹ፣ የት እንደመለሱት ሰፊ ጀርባቸው ከልሎን አላየንም።

ጠጋ ብዬ፣ «አይገለብጡትም?» አልኳቸው።

«ታላቄ ፊት?» አሉኝ በሹክሹክታ። «‹መጥተህ ሥራዬን አበላሸህብኝ› ልበለው?»

ተቀመጡና ከቆሙበት ቀጠሉ። ለማንም የማይመለስ ምላስ የነበራቸው ሰው በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ይሉኝታ ያዛቸው።

እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የዒላማ ሜዳ ሄድን። አቶ ግርማ ከስማይርና ወዳጆቻቸውን አስከትለው መጡ። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ወረቀቱ ላይ አንዱ የሌላውን ቀዳዳ እየነከሰ ዐረፉ። አቶ ግርማ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ጋሽ ታፈሰ ምላጩን ሲስቡ ጠመንጃው «ጧ» ብቻ አለ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ። ቀለሃውን አውጥተው አዩት፤ ከዚያ በአፈሙዙ የሚገባውን ረጅም የመወልወያ ዘንግ ለማንሣት እጃቸውን ዘረጉ።

«ደግሞ ምን ሆነች? ከሸፈች እንዴ የሴቷ ጥይት? ሰው ሰብስቤ አታሳፍረኝ፤ ተኩስ እንጂ!»

እጃቸው ዘንጉ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተዉት።

ባሩድ የሌለውን ቀለሃ አረር ፕራይመሩ ብቻውን ገፍቶ ባረሉ ውስጥ ሰንቅሮት ነበር። ቀጣዩን ሲተኩሱ አረሩ ሄዶ ከኋላው ገጨው። ጠመንጃው ተሰነጠቀ። የቀረውን ታውቃላችሁ።

ሆስፒታል ፋሻቸው ሳይፈታ፣ «ባዶ ቀለሃ ነበር» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኳቸው። «ታላቄ ነው። ዝም በዪ» አሉኝ። ዝም አልኩ። አቶ ግርማ ግን ዝም አላሉም። በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ታሪኩን በእጃቸው እያሳዩ፣ በአፋቸው እያፈነዱ አወሩት። «ጥይት ከኢንተርኔት መርጦ!» ይላሉ፤ ሰው ይስቃል። ለጋሽ ታፈሰም «ሲክስ ፖይንት» የሚል ስም ወጣላቸው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ በአንድ ዐይናቸው አብረው ይስቁ ነበር። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ለምን እንደሚስቁ ጠየቅኳቸው። «እኔ ያጣሁት ዐይን ነው» አሉ። «እሱ ይህን ካወቀ የሚያጣው ወንድሙን ነው።»

በግራ ዐይናቸው መተኮስን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ተማሩ። ሁለተኛ ጠመንጃ ሲያሠሩም ያንኑ ጥይት አዘዙ። ጥይት መምረጥ የማያውቅ ሰው ዐይኑን ያጠፋችበትን ጥይት ደግሞ አይመርጥም፤ ይህ ግልጽ ነው። በግራቸው ስድስት መቶ ያርድ ላይ ያለችውን የብረት ዒላማ ሲያስጮሁ አቶ ግርማ ሊያዩ አልመጡም። ጋራዡ ግን ከዚያ ወዲያ ከውስጥ ይቆለፍ ነበር። ወንድማቸው ሲያንኳኩ ጋሽ ታፈሰ መጀመሪያ ባሩዱን ሁሉ ወደ ዕቃው ይገለብጣሉ፣ ከዚያ ይከፍታሉ፣ ከዚያ «ኖር» ይላሉ።

አቶ ግርማ፣ ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ዝም በዪ የተባልኩትን አፍርሻለሁ፤ የተባልኩትን ዘንግቼ አይደለም። ለቅሶው ላይ ሲገቡ ሰው ሁሉ ሲነሣልዎት እኔ ተቀምጬ የቀረሁትም እግሬን አሞኝ አይደለም። ወንድምዎ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሸፈኑልዎትን በሬሳቸው ላይ ቆመው ሳቁበት። ባዶውን ቀለሃ የመለሱት እርስዎ ነዎት። «ተኩስ» ያሉትም እርስዎ ነዎት። ከእንግዲህ ታሪኩን ሠርግ ላይ ሲያወሩት ይህንንም ጨምረው ያውሩት።

ጋሽ ታፈሰ፣ ጥይቱ ልክ ነበር። ፈተናውንም አልፌያለሁ፤ ውጤቱን ይዤ ስመጣ በሩ ላይ ቆመው «ዘገየሽ» ያሉኝን አልረሳም። ዝም ባለማለቴ ይቆጡኝ ይሆናል፤ ይቆጡ። ከሄዱበት የሚቀር የለምና ታላቅዎም አንድ ቀን በሩን ከፍተው ይገባሉ። ያን ጊዜ ማንኪያው በእጅዎ ከሆነ አይነሡ። ይጨርሱ።