ሚስጥራዊው ሽንት ቤት

መሐንዲስ ነኝ። ሆሳዕና ከተማ በሚገኝ ትንሽ የአማካሪዎች ቢሮ ስሠራ፣ ርቆ በረሃ ውስጥ ላለ የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ቦታ የመኖሪያ፣ የወጥ ቤትና የሽንት ቤት ንድፍ እንድናወጣ ታዘዝን። ሽንት ቤቱ ለእኔ ደረሰኝ። ስለ ሥራው ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቁኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ነበር። «ሚስጥር ነው» አሉኝ። ታዲያ ስንት ክፍል ላድርገው? «በቂ።» ሽታው ወጥ ቤቱ ላይ እንዳያርፍ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ብጠይቅ፣ እሱም የበላይ ፈቃድ ያስፈልገዋል ተባለ። ደሜ ፈላ። ነፋስ ደግሞ ምን አደረገ?

ግንባታው ሲጀመር ሥራውን ለመከታተል በየወሩ ወደ በረሃው እመላለስ ጀመር። በዚህ መሀል ሽማግሌ ላክሁ። ልጅቷ ከምባታ ውስጥ ያለችው የዳምቦያ ከተማ ልጅ ናት፤ እሷን ካጣሁ ሌላ እንደማላገባ ለራሴ ነግሬዋለሁ። አባቷ ጡረታ የወጡ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የእኛ ወገን ሀዲይኛ፣ የእነሱ ከምባትኛ ስለሚናገር ሽምግልናው በአማርኛ ሆነ። በአጎቴ መሪነት የሄዱት ሽማግሌዎቼ «ልጁ በየወሩ የት ነው የሚጠፋው?» ሲባሉ መልስ አጥተው ተመለሱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አባትየው «እሱ ራሱ ይምጣ» አሉ። ደንቡ ባይሆንም ሄድኩ።

«ምንድን ነው የምትሠራው ልጄ?»

«ሽንት ቤት፣ ጋሼ።»

«የት?»

«መናገር አልችልም።»

«ለማን?»

«እሱንም።»

ወደ ሽማግሌዎቼ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄን የምሰጠው በማይታወቅ ቦታ፣ ለማይታወቁ ሰዎች ሽንት ቤት ለሚሠራ ሰው ነው ማለት ነው?»

ከጓዳ ሳቅ ሰማሁ። የእሷ ሳቅ ነው፣ አውቀዋለሁ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ እሷ ትስቃለች! ይሄኔ አጎቴ አላስቻለውም። ለማንም እንዳይናገር አስምዬ ሚስጥሩን የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነበር።

«የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ነው! ልጃችን ወንበዴ እንዳይመስልዎት!» ብሎ አፈረጠው።

አባትየው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«እዚያ ሰው ይሞታል?» አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ኧረ ማንም አይሞትም ጋሼ፤ መሞከሪያ ብቻ ነው።»

«ከተሞከረ በኋላስ?»

አፈርኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ ያስጨነቀኝ የሽታው ነገር ብቻ ነበር።

አባትየው ተነሡና «እንጸልይ» አሉ። ሰጡኝ ይሁን ከለከሉኝ ሳላውቅ ከሌሎቹ ጋር ቆሜ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ጌታ ሆይ» አሉ፣ «ልጄን ለዚህ ልጅ ሰጥቻለሁ። ትዳራቸውን ባርክ። ሽንት ቤቱንም አጽናለት። እዚያ የሚሞከረው ነገር ግን አይሥራ፤ አንዱም አይፈንዳ!»

«አሜን!» አልኩ፣ ከሁሉም ቀድሜ፣ ጣራው እስኪነቃነቅ።

ዐይኔን ስገልጥ አጎቴ አፍጥጦብኛል። «አንተ፣ እንጀራህ እኮ ከዚያው ነው!» አለኝ በሹክሹክታ።

አውቃለሁ። አሜን ያልኩት ግን ከልቤ ነበር።