ሞናሞር የሚሉት መሬት

ከሊንውድ ከተማ ወዲያ፣ ገጠሩ ውስጥ፣ እኔና ባለቤቴ የራሱ የውሃ ጉድጓድ ያለው የሚሸጥ መሬት አየን። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ የኖርነው አፓርታማ ውስጥ ስለሆነ፣ ጡረታ ስንወጣ ትንሽ ቤት ልንሠራበት አስበን ነው። መግቢያው ላይ «ሞናሞር» የሚል የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሻጩ ሳንጠይቀው «ጌሊክ ነው፤ የሰላም ቦታ ማለት ነው» አለን። ባለቤቴ በስሙ ተደሰተ። እኔን ግን ያ ሳይጠየቅ የመጣ መልስ ከነከነኝ።

እኔ ባደግኩበት የመሬት ስም ዝም ብሎ አይወጣም። ጨፌ ከተባለ ውሃ ይተኛበታል፤ ጭንጫ ከተባለ ማረሻ ይሰብራል። መሬት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የስሙን ትርጉም ያጣራል።

ለሥራ ሌክ ሲቲ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ስኮትላንዳዊ ናቸው፤ ጌሊክ የሚባለውን የአገራቸውን የድሮ ቋንቋ ከእናታቸው ተምረዋል። ሰኞ ቁርሳቸውን እያቀረብኩ ስሙን በወረቀት ጻፍኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ሳቅ አሉ።

«ሞና ረግረግ ነው። ሞር ደግሞ ትልቅ። ትልቁ ረግረግ ማለት ነው።»

ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ስደተኛ የአገሩን ስም ይዞ እንደሚመጣ፣ መሬቱ ደረቅም ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። ዝናብ ሲጥል ሄጄ እንዳየውም መከሩኝ።

ለባለቤቴ ስነግረው «አንቺ እኮ ቄሱንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» ብሎ ቀለደብኝ። ቢሆንም ልንፈርም የተቀጣጠርንበት ቅዳሜ ዝናብ ነበርና ቀደም ብለን ሄድን። ቦቲ ጫማ አጥልቀን ከዳር እስከ ዳር ረገጥነው። መሬቱ ጠንካራ ነው፤ እግራችን አንድም ቦታ አልሰመጠም።

«የታለ ታዲያ ረግረግሽ?» አለኝ ባለቤቴ።

አፈርኩ። ሻጩ መጥቶ ወረቀቱን መሬቱ ላይ ባለችው አሮጌ ጎጆ በረንዳ ላይ ዘረጋ፤ ባለቤቴ እስክሪብቶ አወጣ። እኔ ዝም ማለት አቅቶኝ፣ የውሃ ጉድጓዱ ሰመር ላይ፣ እዚህ ዝናብ በሚጠፋበት ወቅት፣ ይደርቅ እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ኧረ፣ ዓመቱን ሙሉ ሙሉ ነው» አለ ሻጩ። አላሰበም። የሰላም ቦታ ነው ያለን ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ ድምፁም ፈገግታውም ያው።

ቀና ስል ባለቤቴ እያየኝ ነው። እሱም ሰምቶታል። እስክሪብቶውን ከደነና ኪሱ ከተተ።

«ዛሬ አንፈርምም» አለው። «ኦገስት ላይ መጥተን ጉድጓዱን እናያለን።»

ሻጩ ሌላ ገዢ ከሰዓት እንደሚመጣ ነገረን። እሱንም አላመንኩትም።