ግራሶውን ማን ጠረገው?

ሰፈሩ «መርማሪው» ይለዋል። ፖሊስ ሆኖ አያውቅም፤ ሥራው የተሰበረ መጠገን ነው፦ የማራገቢያ ክንፍ፣ የሻንጣ እጀታ፣ የመጫወቻ መኪና ጎማ። ቅጽል ስሙን ያተረፈለት ጠባዩ ነው። ወተት ሦስት ጊዜ ሳያሸት አይጠጣም። በሩን ቆልፎ ሃያ እርምጃ ይሄድና ተመልሶ ይነቀንቀዋል። ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ «ምን ፈልጎ ይሆን?» እያለ ጥግ እስኪታጠፍ በዓይኑ ይሸኘዋል። እጁ ግን የተባረከ ነው፤ አሮጌ ዕቃ እየፈታና እየገጠመ ራሱን በራሱ ያስተማረ እጅ።

በዚያ ሰሞን የያዘው ሥራ የደንበኛ አልነበረም። እናቱ ከወደቁ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የፍሬኑ ማንሻ የሚዞርባት ትንሽ የብረት ዘንግ አለች፤ እሷ የተሰካችበት ፕላስቲክ ተሰነጠቀና ፍሬኑ አልይዝ አለ። ከቤታቸው እስከ ጸሎት ቤቱ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ያለ ፍሬን ማን ደፍሮ ይገፋቸዋል? ሦስት ሳምንት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው ከሩቅ የሚመጣውን መዝሙር ሲያዳምጡ ከረሙ። አላማረሩም። እሱን ያንገበገበው ይኸው አለማማረራቸው ነበር።

ዘዴውን ያውቀዋል። ኢፖክሲ የሚባለውን የሁለት ቱቦ ሙጫ ቀላቅሎ ስንጥቁን መሙላት ነው፤ አስቀድሞ ግን ዘንጓን ግራሶ መቀባት። ግራሶ ያለበትን ብረት ሙጫው አይነክሰውም፤ ሲደርቅ ዘንጓ እንደ ልቧ ትዞራለች። ፕላስቲኩን ግን ጠብታ ቅባት እንኳ ከነካው ሙጫው አይጨብጠውም።

የመጀመሪያው ሙከራ ሲደርቅ ዘንጓ ሙጫው ውስጥ ተቸንክራ ቀረች፤ ሙጫውም ከፕላስቲኩ ተላቅቆ ወደቀ። መያዝ ያለበትን ለቀቀ፣ መልቀቅ ያለበትን ያዘ።

«ባለሱቁ ነው። ጊዜው ያለፈበት ሙጫ ነው የሰጠኝ» አለ። ከሌላ ሱቅ አዲስ አመጣ። ያም እንደ ፊተኛው ሆነ። «እንግዲያ ግራሶውን የሚጠርግብኝ ሰው አለ» አለ።

አሁን ዓይኑ ከአጥር ማዶ ባለው በያጅ ላይ አረፈ። በያጁ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ «ሙጫውን ተወውና የብረት ልበይድላቸው» ሲል ነበር።

«አንተ፣ ግራሶዬን ነክተሃል?» አለው አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ።

«የእኔ ግራሶ እኮ በበርሜል ነው፤ ያንተን በማንኪያ ልቆነጥር ነው የምመጣው?»

«አልነካሁም አላልክም።»

«አልነካሁም! ደስ አለህ? መርማሪ መሆንህን እንጂ ዳኛ መሆንህን አልሰማንም።»

ይህ ጭራሽ አስጠረጠረው። ንጹሕ ሰው እንዲህ አይቀልድም ብሎ አሰበ። ቤቱም ውስጥ ቢሆን ሚስቱ አለች፤ ቅባት ካየች ጨርቅ ሳታነሣ የማታልፍ ሴት ናት። እሷንም በልቡ መዘገባት።

ፕላስቲኩ በሁለቱ ሙከራ ሲፋቅ ሳስቷል። ሦስተኛው ካልሆነ አራተኛ የለም። ቅዳሜ ጠዋት እናቱን አልጋ ላይ አስቀመጣቸውና ወንበሩን ፊታቸው በጎኑ አጋደመው። ዘንጓን ቀባ። ቱቦዎቹን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሲገባም እየዞረ ሚስቱን አየ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ቀንድ አበቀልኩ?»

«ያንን ጨርቅ አስቀምጪው።»

«ያንተ ሸሚዝ ነው እኮ!»

ተመለሰ። ግራሶው በቦታው መኖሩን ሊያረጋግጥ አውራ ጣቱን በዘንጓ ላይ አንሸራተተ። አለ። ማንም ቅባት እንዳላስነካው ሊያይ ደግሞ በዚያው ጣት ፕላስቲኩን ዳሰሰ።

«ልጄ» አሉ እናቱ።

«አቤት እማዬ።»

«እስቲ ጣትህን አሳየኝ።»

አውራ ጣቱ በግራሶ ያብረቀርቃል። ጣቱ ባለፈበት በኩል ዘንጓ ተራቁታ ብረቷ ይታያል፤ ፕላስቲኩ ላይ ደግሞ አሻራው ቁጭ ብሏል።

«ባለፈውም እንዲሁ አደረግህ፤ በፊተኛውም። የሥራው ወግ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ሚስቱ ፊቷን በሸሚዙ ሸፍና ሳቀች። «አሻራውን ጥሎ የሄደ ሌባ! በል እጅህን ለራስህ ስጥ።»

መርማሪው ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። አፈረ። ቀጥሎ ግን ያልጠበቀው ነገር መጣበት፤ ደረቱ ቀለለው። ለካስ የቀናበት የለም፣ ተንኮል የሠራበትም የለም። ስንት ዓመት ሰው የከበበው መስሎት የኖረው ብቻውን ነበር።

ፕላስቲኩን በአልኮል ጠረገ፤ ዘንጓን እንደገና ቀባ፤ ሙጫውን ቀላቅሎ ሞላ።

«አሁን ሁለቱንም እጆችህን ወዲህ በል» አሉ እናቱ። «እስኪደርቅ እኔ ዘንድ ይቆዩ።»

እስከ ቀትር በኋላ ያዙት። ሦስት ጊዜ «አንዴ ብቻ ልየው» ብሎ ሊያስለቅቅ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጠበቅ አደረጉት። ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል፤ እሱም ሌላ የሚሠራው ስለሌለ አብሮ አሜን አለ። በመጨረሻ ለቀቁት። ዘንጓን በፒንሳ ይዞ ጠመዘዘ። ቀጭ አለችና ዞረች። ሙጫው ከፕላስቲኩ ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ በያጁ ቁልቁለቱ አፍ ላይ አገኛቸው።

«ግራሶህን የነካው ተያዘ?»

መርማሪው አውራ ጣቱን አሳየው። በያጁ እስኪያስለው ሳቀ፤ ስቆ ሲያበቃም ወንበሩን በአንድ ጎን ይዞ አብሮ ወረደ።

ቁልቁለቱ መሃል እናቱ ማንሻውን ሳቡ። ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። መዝሙሩ አሁን ከቅርብ ይሰማል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጣቱን ወደ ዘንጓ ላከ።

«እጅህን!» አሉት።