ከምግብ በኋላ

«ይህን መድኃኒት ማን አዘዘልዎት፣ እማማ?» አለች ሐኪሟ፣ ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ እያየች።

እናቴ አልጋው ላይ እንደተጋደመች ዓይኗን ወደ እኔ መለስ አደረገችና ወዲያው ጣሪያው ላይ ተከለችው። «እኔው ነኝ የገዛሁት» አለች።

እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም፤ ያውም በሁዳዴ። መድኃኒቱን በየወሩ ገዝቼ የማመጣላት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ነው፤ የምኖረው ጎሮ። እናቴና ታናሽ ወንድሜ ከኢምፔሪያል ገባ ብሎ ባለው የድሮ ቤታችን ይኖራሉ። እሱ ሚኒባስ ይነዳል፣ ሲጋራም ያጨሳል። እኔ አላጨስም፣ ጫት አልቅምም፣ ቢራም ከአንድ አላሳልፍም፤ ይህንንም ለሰው ሁሉ ካልነገርኩ እህል አይበላልኝም። እናቴን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ወንድሜን ሳልመክር አልመለስም። «ሳንባህን ጨረስከው፤ እሷንም በጭስህ ልትገድላት ነው» እለዋለሁ። እሱ አጥሩ ጥግ ቆሞ እያጨሰ «እሺ ዶክተር» ይለኛል።

ዶክተርነቴን እንኳ የተማርኩት ከቢሮ ነው። እኛ ቢሮ መድኃኒት እንደ ማስቲካ ይዞራል፤ አንዱ «ራሴን» ካለ ሦስት መሳቢያ ይከፈታል። አንድ ቀን ወገቤን ሲቆርጠኝ ባልደረባዬ ከቦርሳዋ ማስታገሻ አውጥታ ሰጠችኝ፤ በማግስቱ ወገብ እንዳለኝም ረሳሁ። እናቴ ጉልበቷን ስታማርር ታዲያ ሌላ ምን ላስብ? እኔን ያዳነ እሷን የማያድናት ምን ቆርጦት!

ፋርማሲ ገብቼ ስሙን ጠርቼ ገዛሁ። ሻጯ «ከምግብ በኋላ ነው፣ ለጥቂት ቀን ብቻ» አለችኝ። መኪናዬን የማይቆምበት ቦታ አቁሜ ስለነበር ልቤ ያለው ትራፊክ ፖሊሱ ጋ ነው፤ እሺ እሺ ብያት ወጣሁ። ለእናቴ የነገርኳት «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» የሚለውን ብቻ ነው።

ጉልበቷ ተፈታ። ቆማ ማስቀደስ ጀመረችና ምርቃቱን አወረደችልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ምርቃቷ ጣመኝ። ከዚያ በኋላ ሙዙን ብረሳ ኪኒኑን አልረሳም። «ጨመር አድርገህ አምጣልኝ» ስትለኝም ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅባት አልጠየቅኳትም።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ደወለ።

«እማዬ ደህና አይደለችም። ውሃ ስለጠፋ ሽንት ቤቱን በባልዲ የምደፋላት እኔ ነኝ፤ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ሬንጅ በለው።»

«ጾም አይደል? ተልባ ጠጥታ ይሆናላ።»

«ተልባ ጠፍቶኝ ነው እንዴ? ስትነሳ ሁሉ ያዞራታል እኮ።»

«የሚያዞራትማ የአንተ ጭስ ነው» ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

እሱ እኔን አልጠበቀም። ተሳፋሪዎቹን ኢምፔሪያል ላይ አውርዶ ተመለሰና እሷን ጋቢና አስቀምጦ ሆስፒታል ወሰዳት። እኔ ስደርስ ከራሷ በላይ የደም ከረጢት ተሰቅሏል፣ ከንፈሯ ሳይቀር ገርጥቷል። ሐኪሟ ጨጓራዋ ቆስሎ እየደማ እንደሆነ ነገረችን። ጥቁሩ ነገር ደም ነበር። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ማሸጊያውን ከእናቴ ቦርሳ አውጥታ ማን እንዳዘዘው የጠየቀችው ያን ጊዜ ነው።

«እንዴትስ ነበር የሚወስዱት?» አለች ቀጥላ።

«ጠዋት ነዋ፣ በባዶ ሆዴ፣ በጸበል። ጸበል ጾም አይሽርም» አለች እናቴ፣ ብልሃት እንዳገኘ ሰው ኮራ ብላ። እህል የምትቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።

ከምግብ በኋላ! ሁለት ቃል ናት፤ አንድ መኪና ለማንሳት ቸኩዬ የዋጥኳት።

«ያመጣሁላት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «ከምግብ በኋላም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት አይወሰድም። በዚህ ዕድሜ ጨጓራን ይበሳል።»

ወንድሜ የእናቴን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሳብ አደረገላት። አጠገቤ ቆሞ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል፤ ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

እናቴ በሳምንቷ ወደ ቤት ተመለሰች። ንስሐ አባቷ ጾሙን እንድትተው አዘዟት፣ እያጉረመረመችም ቢሆን ተወች። ጎረቤት ብርቱካን እየያዘ ይጠይቃት ጀመር። ሁለተኛው ቀን ላይ የማኅበር ጓደኛዋ፣ እኔን በልጅነቴ አዝለውኝ የሚያውቁ አሮጊት፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ገና ሳይቀመጡ እጄን ያዙና ሳሙት።

«መድኃኒቱን የምታመጣልን አንተ ነህ አይደል? ተባረክ ልጄ፣ ጉልበቴን መለስክልኝ።»

«ለእርስዎም ትሰጥዎታለች?»

«ለእኔ ብቻ? ለማኅበሩ ሁሉ እንጂ! እንዳስተማረችን በጠዋት፣ በጸበል ነው የምንወስደው።»

ወደ እናቴ ዞርኩ። «ምን ላድርግ ታዲያ» አለች፣ «እኔ ድኜ እነሱ ሲያነክሱ ልይ?»

ወንድሜ ከእናቴ በዓይኑ ያየውን እኔ በቃል መጠየቅ ነበረብኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አፍሬ በሕይወቴ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ሰሞኑን ሽንት ቤት ሲቀመጡ ቀለሙ እንዴት ነው?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው መሬት መሬት አዩ።

«ውይ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ልጄ? ጠቆር ይላል። ጾም አይደል፣ ተልባው ነው» አሉኝ።

ወንድሜ በራፉ ላይ የለኮሰውን ሲጋራ ጣለና የሚኒባሱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።