ባዶውን ቦታ በዜሮ የሞላሁ ዕለት

ጥሩ ማጣሪያ አንድ ጊዜ ተጽፎ የትም ያገለግላል የሚባለው ልክ አይደለም። የትም የሚያገለግለው ስህተቱ ነው።

ይህን የምለው በቅጽ ላይ የሚሞላ መልስ የሚፈትሽ ማጣሪያ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ሆኜ ነው። የመሥሪያ ቤቴ ቅጾች ወደ ኮምፒውተር የሚገቡት እኔ በጻፍኳቸው የሼል ስክሪፕቶች፣ ኮምፒውተሩ በተራ በሚፈጽማቸው የትእዛዝ ጽሑፎች፣ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ ትንንሽ ፈንክሽኖች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ብቻ የሚሠሩ የትእዛዝ ቁራጮች፣ አኑሬያለሁ። አንዷ መልሱ ባዶ አለመሆኑን ታያለች፤ ሌላዋ ቁጥር መሆኑን፤ ሦስተኛዋ ቁጥሩ ከወሰኑ አለማለፉን። አዲስ ስክሪፕት ስጽፍ ያንኑ ፋይል እጠራለሁ እንጂ ማጣሪያውን እንደገና አልጽፍም። ወጣት ባልደረቦቼ ነገሩ ዘመናዊ ይመስላቸዋል። እኔ የመጀመሪያውን የጻፍኩት በደርግ ጊዜ፣ ቆቦ ላይ፣ በካርቶን ነው።

መምህር ሆኜ ተመድቤ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመቴ። አንድ ሣጥን መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ፤ የሚያነጋግረኝ ሰው ግን አልነበረም። በተከራየሁበት ግቢ ሰላም የምትለኝ አንዲት ጎረቤት ብቻ ነበረች። ባሏ ወደ አፋር ወርዶ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ከግድግዳዬ ማዶ ከአምስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች።

«መምህር፣ እንዴት አደርክ? ዛሬስ ከሰው ታወራለህ ወይስ ከወረቀትህ ጋር ልትውል ነው?» ትለኛለች።

ከክፍል ውጭ ለእኔ ተብሎ የሚወጣ ድምፅ ብዙ ቀን ይኸው ብቻ ነበር።

ድርቁ ሲጸና የእርዳታ ስንዴ በቤተሰብ ብዛት ሊታደል ነው ተባለና እኛ መምህራን መዝጋቢ ሆንን። የመጀመሪያው ቀን ቅጽ ጉድ ነበር፤ ዕድሜ በሚለው ቦታ «ሸምግሏል» የተባለ ሰው ነበረበት። እኔም የተማርኩ ነኝና ካርቶን ላይ ደንብ አወጣሁ። ባዶ ቦታ አይቅር። በቁጥር ቦታ ቁጥር ብቻ ይጻፍ። መልሱ ከተመዝጋቢው አፍ ይውጣ። ቁጥር ካልተገኘ ዜሮ ይጻፍ። የእርዳታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደደውና ለአጎራባቾቹ ለጎብዬና ለሮቢት መዝጋቢዎች ጭምር እንዲገለበጥ አዘዘ። ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ተራዋ ደረሰ። እንደማላውቃት ሆኜ ጠየቅኩ።

«የልጅ ብዛት?»

«አላህ የሰጠኝ አሉ።»

«ስንት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አሉ አልኩህ እኮ።»

በዚያ አገር እናት ልጆቿን ሰው ፊት አትቆጥርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። አልሰማሁም ነበር ብል ደስ ባለኝ። ሰምቼ ንቄው ነው።

ከኋላዋ የቆሙ ሽማግሌ «መምህር፣ የሰው ልጅ እንደ ፍየል ይቆጠራል እንዴ?» አሉ። ሰልፉ ሳቀ። እሷ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብላ «ጧት ማታ ታያቸው የለ፣ አንተው ጻፈው» አለችኝ።

አምስት መሆናቸውን አውቃለሁ። የትንሹን ሳል እየሰማሁ ነው የምተኛው። መልሱ ግን ከአፏ አልወጣም። ዜሮ ጻፍኩ።

ስንዴው ሲታደል የአንድ ሰው ድርሻ ሰፈሩላት። ብትጮህ፣ ቅጹን አሳይተው «ልጅ የላትም ይላል» አሏት። ወደ ሰብሳቢው ሄድኩ።

«ጓድ፣ ቅጹን የሞላው ማን ነው?» አለኝ።

«እኔ።»

«የፈረመውስ?»

«እኔ።»

«ታዲያ በአብዮቱ መዝገብ ላይ ሐሰት ጽፌያለሁ ነው የምትለኝ?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ጥያቄ አዎ ብሎ መመለስ ምን እንደሚያመጣ አውቅ ነበር። ትቼው ወጣሁ። ያለኝን ማሽላ በከረጢት አድርጌ በሯ ላይ ቆምኩ። አየችው፤ አልተቀበለችኝም።

«ልጅ የላትም ብለህ ጽፈህ የለ? ይህን ለማን አመጣኸው?»

በወሩ ልጆቿን ይዛ በጭነት መኪና ወደ ደቡብ ሄደች። የት እንደደረሱ አላውቅም። ከግድግዳው ማዶ ሳል የለም፤ እንዴት አደርክ የሚለኝም የለም። ሁለት ዓመት እዚያ ስቆይ መጽሐፎቼን ሁሉ ደግሜ አነበብኩ፤ አንዱም አላናገረኝም። ካርቶኑ ጎብዬና ሮቢት ላይ ስንት እናት እንደጎዳ ደፍሬ አልጠየቅኩም።

ዛሬ ፈንክሽኔ ቁጥር ያልሆነ መልስ ሲመጣላት የምትፈልገውን በግልጽ ተናግራ ደግማ ትጠይቃለች። አሁንም ካላገኘች «አልታወቀም» ብላ ጽፋ ቅጹን ለሰው ታቀርባለች እንጂ ከራሷ አትሞላም። ባልደረቦቼ ሥራ ታጓትታለች ይላሉ። ታጓትት።

አንተም እንዲህ ያለ ፋይል ካለህ ክፈተውና ባዶ መልስን በዜሮ የሚተካውን መስመር አጥፋው። ነገ አትበል፤ አሁን አጥፋው።