ባሕሩ ስለ ክረምቱ ያለው

ባሕር በዓይኔ ያየሁት ቀይ ባሕር ዳር በተማርኩባቸው ዓመታት ብቻ ነው። አሁን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቁጭ ብዬ፣ የላፕቶፔን አቧራ በሻሼ ጫፍ እየጠረግሁ፣ ደርሼበት የማላውቀውን ውቅያኖስ ሙቀት አነባለሁ። ተንሳፋፊ መለኪያዎች የላኩትን ቁጥር እቀበላለሁ፤ የተበላሸውን እጥላለሁ፤ የተረፈውን ካለፉት ዓመታት ጋር አስተያያለሁ። አባይን በጭልፋ ማለት ይኼ ነው። ያ ሩቅ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል፤ ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ ይበረታል። “ብዙ ጊዜ” የምትለዋን ግን የሚሰማልኝ የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም ብሎ ነው። ሰልችቶኛል።

አባቴ ከኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ የመጣው የሰሊጥ መሬት መታረስ በጀመረ ሰሞን ነው። ከጭነት መኪና ወርዶ ጉልበቱን እያሻሸ ገባ። ድንበሩን ከተሻገርን ጀምሮ ለመጠለያው ሰው ሁሉ “ዝናቡ ጥሩ የሆነ ዓመት አገሬ ገብቼ መሬቴን አርሳለሁ” ሲል ኖሯል። እስካሁን ግን አንዴ ዝናቡ ያንሳል፣ አንዴ መንገዱ ይዘጋል፤ እሱም ይቀራል።

“እስቲ የዘንድሮውን ኸሪፍ ንገሪኝ” አለ ገና ውሃ ሳይጠጣ። ክረምቱን በሱዳኖቹ ቃል መጥራት ለምዷል። “ባሕሩ ምን አለ?”

“ባሕር አይናገርም፣ አባዬ።”

“ታዲያ አንቺ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ነው የምትውዪው?”

ባሕሩ ያለውንስ ካወቅሁት ሰንብቷል። ውሃው ቀዝቅዟል። ስህተት በሆነ ብዬ ቁጥሩን ደጋግሜ አጣርቻለሁ፤ ለአለቆቼ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም። ዝናቡ ጥሩ ነው ካልኩት ይሄዳል። ብቻውን፣ በዚያ ጉልበት፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ወደማናውቀው ቀዬ። ይደርቃል ካልኩት ያምነኛል፤ ይቀራል። መዋሸት እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ግን ደከመኝ። የተሳሳተ ቁጥር ስለቅም ውዬ፣ ማታ ደግሞ ለአባቴ ሌላ ስህተት ፈጥሬ ዓመቱን ሙሉ ያንን ስህተት ስጠብቅ መኖር አቃተኝ።

“ጥሩ ሊሆን ይችላል” አልኩት። “ከጥሩዎቹ ዓመታት ጋር ይመሳሰላል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።”

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ያፈላሁለትን ሻይ ያማስላል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

“እርግጠኛ ካልሆንሽ ለምን ጥሩ ነው ትያለሽ?”

ድምፁ ቁጣ ነበረበት። ገርሞኝ ቀና ብዬ አየሁት።

“መረጃው የሚያሳየው እሱን ነው።”

“ሰዉ ይጠይቀኛል። ዝናቡ እየጣለ ምን ብዬ እቀራለሁ?” ብርጭቆውን አስቀመጠ። “እፈራለሁ፣ ልጄ። ቤቱ ይኑር አይኑር አላውቅም። ጎረቤቶቼን ምን ሆነው እንደማገኛቸው አላውቅም። ክፉ ዓመት ነው ትይኛለሽ ብዬ ነበር የመጣሁት።”

እኔም የሰነበትኩት ስፈራ ነው ልለው ፈልጌ ብርጭቆውን አነሳሁለት። አባቴ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር።

“እስቲ ደግመሽ እይው” አለ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው እየሳበ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ውሃው ቀዝቃዛ እንደሆነ እያወቅሁ፣ እሱም ማወቄን እያወቀ፣ ስህተት ፍለጋ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀመርን።