ያለ ብርዝ የተተረቱ ተረቶች

ልጅ ሳለሁ፣ ስማዳ ውስጥ ከወገዳ ራቅ ባለች መንደራችን፣ ማታ ማታ አያታችን ተረት ይነግሩን ነበር። አባባ እንላቸዋለን። ንብ ስለሚያንቡ ዋንጫቸው ከብርዝ ተለይቶ አያውቅም። ታናሽ ወንድሜን አንተነህን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጅቡ ጉድጓድ ሊገባ ሲል ቆም ይሉና ያንን በውኃ የተበጠበጠ ማር ያጎነጩታል፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። እኔ ምድጃው ጥግ፣ መጽሐፌን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ በፍሙ ብርሃን ግማሽ እያነበብኩ ግማሽ እሰማለሁ።

አንተነህ ያኔ ይታመም ነበር። ሆዱ ይነፋል፣ ምላሱ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል፤ ከጤና ጣቢያ ጠብታ ይሰጠዋል፣ ይሻለዋል፣ ደግሞ ያገረሽበታል። በመጨረሻ አባቴ «እንጥሉ ወርዶ ነው። አንድ ጊዜ ከደገመው እንጥል ቆራጩ ጋ እወስደዋለሁ» አለ። እናቴ ያንን ምላጭ ታውቀዋለች፤ የጎረቤታችን ልጅ ተቆርጦ ደም ሲተፋ አድሯል። በማግስቱ ልጇን አዝላ ወገዳ ሄደች። ነርሷም ሆዱ ውስጥ እንደ እርሾ ያለ ፈንገስ እየበዛ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረቻት፤ ጠብታውን ሳታቋርጥ እንድትሰጠው፣ ጣፋጭም እንድትከለክለው መከረቻት።

እናቴ ያን ማታ ምድጃው ፊት ቆመች። «ከዛሬ ጀምሮ ስኳር የለም፣ ከረሜላ የለም። ቅራሪም ብርዝም የለም።»

«ማር ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል?» አሉ አባባ። «እኔ በምን ያደግሁ መሰለሽ?»

«አባባ፣ ምላጩ ይሻላል?»

አባባ ዋንጫቸውን ከልጁ ራቅ አድርገው አስቀመጡ።

የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ለቅሶ ብቻ ነበሩ። አንተነህ የገብስ ቂንጬውን ይተፋል፣ ስኳር የሌለውን እርጎ ይደፋል፤ እናቴ ጠርጋ እንደገና ታቀርባለች። አባባ ደግሞ ልጁ ባለቀሰ ቁጥር ተረቱን ያስረዝሙታል። ለጅቡ አክስት ጨመሩለት፣ አክስቲቱን ለአህያ ዳሯት፤ ሠርጉ ሳያልቅ ልጁ ይተኛል።

ሆዱ ጎደል ማለት ሲጀምር የሚካኤል ዝክር ደረሰ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበረች፤ አንተነህን የያዝኩት እኔ ነኝ። የክርስትና አባቱ ብርዝ ቀድተው መጡ። «እንካ የኔ አንበሳ! የሚካኤል ነው፣ የሚካኤል አይጎዳም።»

ዝክር እምቢ አይባልም። እኔ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ጎታ ጀርባ የምደበቅ ልጅ ነበርኩ። ግን የጽዋውን አፍ በእጄ ከደንኩት።

«አይጠጣም።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ሆዱን ያመዋል። አይጠጣም።» ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እሰይ! ምላስ ኖሯታል ለካ!» አለች አንዲት ሴት። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ፤ እጄን ግን አላነሳሁም።

አባባ ከመደቡ ላይ ተጣሩ። «የልጁን ድርሻ ወዲህ በል! ሚካኤል እኔንም ያውቀኛል።» ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጽዋውም ወደ እሳቸው ሄደ።

በሽታው አልተመለሰም፤ አባቴም እንጥል ቆራጩን ዳግም አላነሳም። ጠብታው ይሁን ምግቡ፣ ወይስ ሁለቱ ተጋግዘው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም በእርግጠኝነት አላውቅም። ከአባባ ተረቶች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ጠፍቶብኛል። ሰው ፊት መናገር ዛሬም ያስፈራኛል፤ ቢሆንም መናገር ሲኖርብኝ እናገራለሁ፤ የሚንቀጠቀጥ ድምፅም እንደሚሰማ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁና።